የትምህርት ቤት የልጆች ቡድን እንዴት ይሰለጥናል? ከመጀመሪያው ልምምድ እስከ መጨረሻው ቀን ኩኪስ

ትምህርት ቤቱ የትንንሾቹን የእግር ኳስ ቡድን እንድትይዙ ጠይቋችኋል እንበል። ምናልባት መምህር ናችሁ። ምናልባትም ልጃችሁ ቡድኑ ውስጥ ስላለ እጃችሁን ያወጣችሁ ወላጅ ናችሁ። ጥሩ ተጫዋች ሆናችሁ ባታውቁም አትጨነቁ። ከ8 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ከአሰልጣኛቸው የሚፈልጉት ዝግጅትና ትዕግሥት ነው።

እኔ የልጆች ቡድን የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ዓመቱ ሲጀመር የመጣው ልጅ ዓመቱ ሲያልቅም አለ ወይ? ቡድኑ ሁሉን አሸንፎ ግማሹ ልጅ ከቀረ ሥራው አልተሠራም እላለሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ይህንን አስቦ ነው። ልምምዱም፣ የጨዋታው ቀንም፣ በመጨረሻ የሚጋገረው ኩኪስም።

ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት

ለእያንዳንዱ ወላጅ አጭር ቅጽ ላኩ። የልጁ ስምና ዕድሜ፣ ድንገት አንድ ነገር ቢፈጠር የሚደወልባቸው ሁለት ስልኮች፣ አስም ወይም ሌላ ሕመም ካለ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የማይስማማው ምግብ፣ ከልምምድ በኋላ ማን እንደሚወስደው። በቃ። የምግቡን ጥያቄ ግን አትዝለሉት። ኩኪስ የምትጋግሩ ዕለት መጀመሪያ የምታወጡት ይህንን ወረቀት ነው። አስም ያለበት ልጅ ደግሞ ኢንሄለሩን ሜዳ ድረስ ይዞ ይምጣ። ክፍል ውስጥ ቦርሳ ውስጥ የቀረ ኢንሄለር ሜዳ ላይ ትንፋሽ ላጠረው ልጅ አይደርስለትም።

ሁለተኛ አዋቂ ፈልጉ። ብቻችሁን አትያዙት። አንድ ልጅ ቢጎዳ አንዳችሁ ከእሱ ጋር ስትሆኑ ሌላው የቀሩትን ይጠብቃል። ሁለት አዋቂ መኖሩ ለልጆቹም ለእናንተም ጥበቃ ነው።

ዕቃን በተመለከተ ትልቁ ነገር ኳስ ነው። ከተቻለ ለአንድ ልጅ አንድ ኳስ፣ ካልተቻለ ለሁለት አንድ። መጠኑን ተመልከቱ። ከ8 ዓመት በታች ላሉ ቁጥር 3፣ ከ8 እስከ 12 ላሉ ቁጥር 4፣ ከ13 ጀምሮ ቁጥር 5 ነው የሚለመደው። ቁጥር 5 ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነው የአዋቂዎች ኳስ ነው። ትንሽ ልጅ በእሱ ሲለማመድ ኳሱ ስለሚከብደው በጣቱ ጫፍ መምታት ይለምዳል፤ ይህን ልማድ በኋላ ማስተው ከባድ ነው። ከኳስ ሌላ ኮን፣ ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው የልምምድ ማሊያ፣ ፊሽካ፣ የኳስ መንፊያና የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ይበቃችኋል።

ሜዳው ላይ ከቦታ ቦታ የሚነሳ የጎል ብረት ካለ በደንብ መታሰሩን በእጃችሁ ገፍታችሁ አረጋግጡ። ያልታሰረ ብረት ልጅ ሲንጠለጠልበት ይገለበጣል። በዚህ ምክንያት የሞቱ ልጆች አሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የምትናገሩት የመጀመሪያ ሕግ ይህ ይሁን፤ ብረቱ ላይ መንጠልጠል አይቻልም።

የአንድ ሰዓት ልምምድ

የልጆች ልምምድን የሚገድለው ወረፋ ነው። አስቡት፤ 12 ልጆች በአንድ ኳስ ተሰልፈው ጎል ይመታሉ። አንዱ ምት ኳሱን ከማምጣት ጋር 15 ሰከንድ ይፈጃል። በ10 ደቂቃ 40 ምት ነው። ለአንድ ልጅ ሦስት ምት ግድም ይደርሰዋል ማለት ነው። የቀረውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚያሳልፈው። የቆመ ልጅ ደግሞ ጓደኛውን መጎንተል ይጀምራል፣ ከዚያ እናንተ መቆጣት ትጀምራላችሁ። ብዙ ጊዜ «ልጆቹ ረባሾች ናቸው» የሚባለው ነገር መነሻው ይሄ ነው። የምትመርጡትን ማንኛውንም ጨዋታ በዚህ ፈትኑት፤ ስንት ልጅ ቆሟል?

ልጆቹ ሳይደርሱ ኮኖቹን ደርድራችሁ ጨርሱ። እንደ ልምድ ከሆነ የሚከተለው አከፋፈል ይሠራል።

ከ0 እስከ 12 ደቂቃ፦ ማሟሟቅ በኳስ። ሁሉም ልጅ ኳስ ይዞ በአንድ ሰፊ አራት ማዕዘን ውስጥ ይገባል። «አረንጓዴ» ስትሉ ኳሱን እየገፋ ይሮጣል። «ቢጫ» ስትሉ ቀስ ይላል። «ቀይ» ስትሉ ጫማውን ኳሱ ላይ አድርጎ ይቆማል። ኳሱን አርቆ የሚመታ ልጅ በቀዩ ሰዓት መቆም ስለማይችል ማንም ሳይነግረው ኳሱን ወደ እግሩ ያስጠጋል። በመሃሉ በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅ፣ ዘሎ በጉልበት አጠፍ ብሎ ማረፍና መሬት ላይ ተጠቅልሎ መውደቅ ጨምሩበት። ፊፋ ለትንንሽ ልጆች ያዘጋጀው «11+ ለልጆች» የተባለ የማሟሟቂያ ፕሮግራም አለ፤ ሰባት እንቅስቃሴዎች አሉት፤ በእነዚህ ነገሮች ላይ ያተኮረ ነው። ጉዳት እንደሚቀንስም በጥናት ታይቷል። ቆሞ ጡንቻ መሳሳብ ለዚህ ዕድሜ አያስፈልግም።

ከ12 እስከ 27 ደቂቃ፦ አንድ ነገር ብቻ ማስተማር። ቅብብል ከሆነ ቅብብል ብቻ። ሁለት ሁለት ሆነው ከ5 እስከ 6 ሜትር ተራርቀው ይቁሙ። የምታሳዩት ሦስት ነጥብ ነው። የማይመታው እግር ከኳሱ ጎን ይቁም፣ ጣቱም ወደ ጓደኛ ይጠቁም። ኳሱ በእግር የውስጥ ጎን ይመታ። ቁርጭምጭሚት ጠንከር ይበል። ንግግራችሁ ከ30 ሰከንድ አይለፍ፤ አንዴ አሳዩና ልቀቋቸው። ከአራት ደቂቃ በኋላ ውድድር አድርጉት። ሜዳው ላይ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ብዙ በሮች በኮን ሥሩ። ጥንዶቹ በአንድ ደቂቃ በስንት በር አሳልፈው እንደተቀባበሉ ይቁጠሩ። በሚቀጥለው ዙር መብለጥ ያለባቸው የራሳቸውን ቁጥር ነው። እንዲህ ሲሆን ጎበዙም ገና ጀማሪውም የሚያሸንፈው ነገር አለው።

ከዚያ ውኃ። ሙቀት ካለ በየ15 ደቂቃው አጠጧቸው። ልጅ ጨዋታ ላይ ሆኖ ጥማቱን ይረሳል፤ ስለዚህ «የጠማው ይጠጣ» አይበቃም፤ ሁሉም ይጠጣ።

ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፦ አራት ለሁለት። አራቱ ክብ ሠርተው ይቀባበላሉ፣ ሁለቱ መሃል ገብተው ለመንጠቅ ይሞክራሉ። ኳስ ያስነጠቀው መሃል ይገባል። የተማሩት ቅብብል ተጋጣሚ ሲመጣበት የሚፈተነው እዚህ ነው። በጣም ከቀለላቸው ክቡን አጥብቡ። ካቃታቸው አስፉት፣ ወይም አንዱን ከመሃል አውጡ። ይህን ዘዴ ለሁሉም ልምምድ ያዙት፤ ቦታውን ወይም የሰውን ቁጥር ስትቀይሩ የልምምዱ ክብደት ይቀየራል።

ከ40 እስከ 58 ደቂቃ፦ ጨዋታ። ይህንን በፍጹም አትንኩባቸው። ልጆቹ የመጡት ለዚህ ነው። አራት ለአራት፣ 30 በ20 ሜትር በሆነ ሜዳ፣ ትንንሽ ጎል፣ ያለ በረኛ። 16 ልጅ ካላችሁ ሁለት ሜዳ ጎን ለጎን ሥሩ። አራት ለአራት ሲጫወቱ መደበቂያ የለም፤ ሁሉም ልጅ ኳስ ያገኛል፣ ሁሉም ያጠቃል፣ ሁሉም ይመለሳል። ጨዋታውን ለማስተማር ብላችሁ በየደቂቃው ፊሽካ አትንፉ። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ማቆም ይበቃል።

በቀሩት ሁለት ደቂቃዎች ሰብስቧቸውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ «ዛሬ ምን ከበዳችሁ?» መልሳቸው የሚቀጥለውን ሳምንት ልምምድ ይሰጣችኋል።

ቡድን ስትከፍሉ ሁለት ልጆች እየተፈራረቁ ጓደኞቻቸውን እንዲመርጡ አታድርጉ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ልጅ ሁልጊዜ ያው ልጅ ነው፤ ሁሉም ፊት ይቀራል። ማሊያውን ራሳችሁ አድሉ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ለዚያ ልጅ ግን ተመልሶ የመምጣትና ያለመምጣት ጉዳይ ነው።

እንዴት እንናገራቸው

ስትናገሩ ፊታችሁን ወደ ፀሐይ አዙሩ፤ ልጆቹ ጀርባቸውን ለፀሐይ ይስጡ። ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ የገባበት ልጅ አይሰማችሁም። ትንንሾቹን ስታናግሩ በርከክ በሉ።

ስታመሰግኑ ምን እንዳደረገ ጥቀሱ። «ጎበዝ!» ጥሩ ነው፣ ግን ልጁ ምኑ ጎበዝ እንዳሰኘው አያውቅም። «ኳሱን ሳትቀበል ቀና ብለህ አየህ፣ ጎበዝ» ብትሉት ነገም ይደግመዋል። ስታርሙም እንደዚያው፤ አንድ ነገር ብቻ፣ ከስሙ ጋር፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አብዶ መሥራት የሚወድ፣ ኳስ የማያቀብል ልጅ ይኖራችኋል። በየጊዜው «አቀብል!» ብላችሁ አትጩሁበት። በዚህ ዕድሜ ኳስ ይዞ ሰው ለማለፍ የሚደፍር ልጅ ድፍረቱ ሊቀጭ አይገባም። አራት ለሁለቱን ልምምድ አብዙለት፣ ማቀበልን እዚያ ይማራል። ዝምተኛዋን ደግሞ ኮን እንድትደረድር፣ ማሟሟቁን እንድትመራ አድርጓት። ሥራ ያለው ልጅ አይቀርም።

ሩጫን ቅጣት አታድርጉት። ስፖርት እየተማረ ያለ ልጅ ሩጫን እንደ ቅጣት ካየው፣ ነገ ሩጡ ስትሉት ምን ይሰማዋል?

የጨዋታ ቀን

ማን መቼ እንደሚገባ ከቤት ጽፋችሁ ኑ። ሜዳ ላይ ሆኖ ለመወሰን መሞከር ለልብ ከባድ ነው፤ ቡድኑ ሲመራ ወይም ሲመራበት እጅ ወደ ጠንካሮቹ ይሄዳል። ምሳሌ ልስጣችሁ። ሰባት ለሰባት ነው፣ 10 ልጆች አላችሁ፣ ጨዋታው 40 ደቂቃ ነው። በአራት 10 ደቂቃ ክፈሉት። በእያንዳንዱ ሩብ ሰባት ልጅ ስለሚገባ በድምሩ 28 ቦታ አለ። ስምንቱ ልጆች ሦስት ሦስት ሩብ፣ ሁለቱ ሁለት ሁለት ሩብ ይጫወታሉ። በሚቀጥለው ጨዋታ ሁለት ሩብ የሚጫወቱት ሌሎች ልጆች ይሆናሉ። በረኛነትም ይዙር። ወረቀቱን ለወላጆች ብታሳዩ «የእኔ ልጅ ለምን ወጣ?» የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ ይመለሳል።

ለወላጆች ከጨዋታው በፊት አጭር መልእክት ላኩ፤ ማጨብጨብ በደስታ፣ መመሪያ መስጠት ግን ይቅር። ከዳር አባት «ምታ!» ሲል፣ እናት «አቀብል!» ስትል፣ አሰልጣኝ «ጠብቅ!» ሲል ልጁ የማንን ይስማ? የጨዋታው ግምገማም ወደ ቤት ሲሄዱ አይጀመር። እሱን ለሚቀጥለው ልምምድ ለእናንተ ይተዉላችሁ።

ምግብን በተመለከተ፣ ዋናውን ምግብ ከጨዋታው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት በፊት ይብሉ። ከጨዋታ በኋላ ውኃና ፍራፍሬ ይበቃል። ጣፋጭ ነገር ከጨዋታ በፊት አይሰጥም፤ ሆዳቸው ከብዶ ይሮጣሉ።

ቴስታን አታለማምዷቸው። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2015 ዕድሜያቸው 10 እና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ቴስታን ከልክሏል፤ ከ11 እስከ 13 ላሉት ደግሞ በልምምድ ላይ ገድቦታል። እኔ ይህ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ልጆቹ በእግራቸው የሚማሩት ገና ብዙ አለ።

ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ይወጣል፤ በዚያ ቀን አይመለስም። «ደህና ነኝ» ቢልም፣ ቢያለቅስም። ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ከተደናገረ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት። ቁርጭምጭሚት ሲወለም በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙለት፣ እግሩንም ከፍ አድርጉት። መሬት መርገጥ ካቃተው ይታይ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ጨዋታው ይቁም፣ ሁሉም ወደ ሕንፃ ይግባ፣ ዛፍ ሥር አይሁን። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

የመጨረሻው ቀን ኩኪስ

የውድድር ጊዜው ሲያልቅ ለልጆቹ አንድ ነገር በእጅ ሠርቶ መስጠት ደስ ይላል። የስኳር ኩኪስ ቀላል ነው፣ ብዙ ሰው ይወደዋል፣ በላዩ ላይ የእያንዳንዱን ልጅ የማሊያ ቁጥር መጻፍ ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ለሁሉም እኩል ነው። ብዙ ጎል ላገባውም፣ ዓመቱን ሙሉ አንድም ላላገባችውም ሁለት ሁለት።

መጀመሪያ ቅጹን አውጡ። ይህ ኩኪስ ስንዴ፣ እንቁላልና ወተት አለበት። ከእነዚህ አንዱ የማይስማማው ልጅ ካለ ወላጁን ጠይቁ። ለአንዳንድ ልጅ በማንኪያ ጫፍ የቀረ ብናኝ እንኳ አደገኛ ነው፤ እንዲህ ከሆነ እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ «ለእሱ ለብቻ» ለመጋገር አትሞክሩ። ወላጁ የመረጠውን የታሸገ ነገር ገዝታችሁ እንደሌሎቹ ባለ ማሸጊያ ስጡት። ካልሆነም ሁሉም የሚበላው አንድ ነገር ምረጡ።

6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላላቸው 30 ግድም ኩኪሶች የሚያስፈልገው፦

- ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ 225 ግራም
- ስኳር 200 ግራም
- እንቁላል 1
- ቫኒላ 2 የሻይ ማንኪያ
- ፉርኖ ዱቄት 375 ግራም
- ቤኪንግ ፓውደር 1 የሻይ ማንኪያ
- ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ

ሊጡን ከአንድ ቀን በፊት ማዘጋጀት ይሻላል። ቅቤውን ከፍሪጅ አውጥታችሁ እስኪለሰልስ ጠብቁ። በጣት ሲጫኑት ምልክት ይያዝ፣ ግን አያብረቅርቅ። እሳት ላይ አታቅልጡት። የቀለጠ ቅቤ አየር ስለማይዝ ኩኪሱ ኦቨን ውስጥ ይዘረጋጋል።

ቅቤውንና ስኳሩን አንድ ላይ ምቱ። በሚክሰር ሦስት ደቂቃ፣ በእንጨት ማንኪያ ደግሞ ስድስት ሰባት ደቂቃ ይፈጃል። መልኩ ነጣ፣ አካሉ ቀለል ሲል ይበቃዋል። የስኳሩ ቅንጣት ቅቤው ውስጥ ትንንሽ የአየር ቀዳዳ ይከፍታል፣ ኩኪሱን የሚያለሰልሰው ይህ ነው። ከዚያ እንቁላሉንና ቫኒላውን ጨምሩና እስኪዋሃድ ምቱ።

ዱቄቱን፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ጨውን በሌላ ዕቃ አንድ ላይ ንፉ። በሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ወደ ቅቤው ጨምሩ። ዱቄቱ መታየት ሲያቆም እናንተም አቁሙ። የዳቦ ሊጥ የለመደ እጅ እዚህ ላይ ማሸቱን መቀጠል ይፈልጋል። እዚህ ግን በታሸ ቁጥር ግሉተኑ (ሊጡን የሚያያይዘው የስንዴ ፕሮቲን) እየጠነከረ ኩኪሱ ይደርቃል።

ሊጡን ለሁለት ከፍላችሁ ጠፍጠፍ አድርጉት። በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። ቢያድርም ችግር የለውም። ይህን እርምጃ አትዝለሉ። ቅቤው ሲጠነክር ቅርጹ አይበላሽም፣ ዱቄቱም እርጥበቱን በደንብ ይጠጣል።

በማግስቱ ኦቨኑን 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አብሩ፤ ማራገቢያ ካለው 160። ሊጡን በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መሃል አድርጋችሁ በመዳመጫ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት እስኪኖረው ዳምጡት። በወረቀት መሃል ሲሆን ዱቄት መነስነስ አያስፈልግም፤ ተጨማሪ ዱቄት ያደርቀዋል። ከ6 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ጠርዙ ይቃጠላል። የመቁረጫ ቅርጽ ከሌላችሁ የብርጭቆ አፍ ዱቄት ነካ አድርጋችሁ ቁረጡ። ትርፍራፊውን ሰብስባችሁ አንድ ጊዜ እንደገና ዳምጡ። ትሪው ላይ ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር አራርቁ። ሊጡ እጃችሁ ላይ ከለሰለሰ ከነትሪው ለ10 ደቂቃ ፍሪጅ መልሱት።

መጀመሪያ ሁለት ኩኪስ ብቻ ጋግራችሁ እዩ። ከተዘረጋጉ ሊጡን የበለጠ አቀዝቅዙ። ከዚያ የቀረውን ከ9 እስከ 11 ደቂቃ ጋግሩ። ጠርዙ ወርቃማ መሆን ሲጀምር፣ መሃሉ ገና ነጭ እያለ አውጡት። ሲነካ ለስላሳ ይሆናል፤ አልበሰለም ብላችሁ አትመልሱት። ትሪው ላይ ለአምስት ደቂቃ ሲቆይ በራሱ ሙቀት ይጠነክራል። ቀጣዩን ዙር በጋለ ትሪ ላይ አትደርድሩ፤ ኦቨን ሳይገባ መቅለጥ ይጀምራል።

ልጆቹ መሳተፍ ከፈለጉ ዱቄት መመዘኑን፣ መቁረጡንና ቁጥር መጻፉን ስጧቸው። ኦቨኑ የአዋቂ ሥራ ነው። እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ጥሬ ሊጥ እንዳይቀምሱ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ብዙ ሰው የሚፈራው እንቁላሉን ብቻ ነው፣ ጥሬ ዱቄትም ግን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

ለመጻፊያው እንደ ዱቄት የላመ ስኳር 120 ግራም ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ጋር በጥብጡ። ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ መውረድ አለበት፤ ከወፈረ ወተት ጠብ አድርጉ፣ ከቀጠነ ስኳር ጨምሩ። በትንሽ ፌስታል ሞልታችሁ ጫፏን በጣም ትንሽ ቁረጡና ቁጥሩን ጻፉ። ኩኪሱ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትጀምሩ፣ ጽሑፉ ይፈሳል። ከጻፋችሁ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ሳትደራርቡ አድርቁ።

አየር በማያስገባ ዕቃ እስከ አምስት ቀን ይቆያል። ያልተጋገረ ሊጥ ደግሞ ፍሪዘር ውስጥ እስከ ሦስት ወር ይቀመጣል። 14 ልጆች ካሏችሁ 28 ኩኪስ ነው የሚወጣላችሁ፤ ለረዳታችሁና ሜዳውን ለሚያጸዱት ሠራተኞች እንዲተርፍ ሊጡን እጥፍ አድርጉት። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ስታሽጉ ላዩ ላይ «ስንዴ፣ እንቁላል፣ ወተት አለበት» ብላችሁ ጻፉ። ልጁ አንዱን ቤት ወስዶ ለታናሹ ሊሰጥ ይችላልና።